«የመስከረም አንድ እቅድ የሰነፍ ሥራ ነው» ላልከው ወንድሜ

ጽሑፍህን ያነበብኩት ጳጉሜ 1 ማታ ነው። ሱቅ ዘግቼ ገብቼ ጋደም እንዳልኩ አንዲት ጓደኛዬ በቴሌግራም ላከችልኝ። «አንብቢው፣ እውነቱን ነው» ይላል መልእክቷ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ላላነበቡት ባጭሩ ላስረዳ። በአዲስ ዓመት እቅድ ማውጣት ከፈረንጅ የተቀዳ ነገር ነው ይላል። ከ100 ሰው 92ቱ ይወድቃል ይላል። ልማድ ለመቀየር 21 ቀን ይበቃል፣ 21 ቀን መታገሥ ያቃተው ሰው ቆራጥነት የሌለው ነው ይላል። የምር የፈለገ ሰው መስከረምን አይጠብቅም፤ እንደ እነዚያ 3 በመቶ የሃርቫርድ ተማሪዎች ግቡን በወረቀት ጽፎ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ዛሬውኑ ይጀምራል ይላል። መጨረሻ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ርዕስም ሆናለች፦ የመስከረም አንድ እቅድ የሰነፍ ሥራ ነው።

አንተ እያልኩህ ነው፤ ከአጻጻፍህ እድሜያችን የተቀራረበ መሰለኝ። ካጠፋሁ ይቅርታ። ልሰድብህም አልመጣሁም። ግን «ሰነፍ» የምትለዋ ቃል የማን ጆሮ ላይ እንደምታርፍ አውቃለሁ። ባህር ዳር ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ቁጭ የምልበት ጊዜ የለም። ደብተር በደርዘን፣ እስክሪብቶ በፓኬት፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። በዚያ ሁሉ ተማሪና ወላጅ መሃል ግን ሌላ ደንበኛ አለ፤ አጀንዳ የሚገዛ ትልቅ ሰው። ያነሳዋል፣ ይገልጠዋል፣ ወረቀቱን በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ከሰዓት ተመልሶ መጥቶ ይገዛዋል። አንዳንዱ እዚያው ቆሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን ይጽፋል። ሰነፍ ያልከው ይሄን ሰው ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስልህ።

«ከፈረንጅ የተቀዳ ነው»

ጃንዋሪ 1 ላይ ጂም መመዝገቡ የእነሱ ሊሆን ይችላል። ዘመን ሲለወጥ ራስን መመርመርና ቃል መግባት ግን የእነሱ ብቻ አይደለም።

እዚህ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ስለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጣና ላይ በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይ ወደ ደብረ ማርያም ከሚሻገረው ሰው መሃል ስለቱን ሊያደርስ የሚሄድ አይጠፋም። ስለት ምንድን ነው? አንድ ነገር ለማድረግ ቃል መግባት፣ ቀን መቁረጥና ቀኑ ሲደርስ መፈጸም ነው። ያውም ምስክር ባለበት። እናቴ ደግሞ ቂም ይዞ ዘመን መለወጥ ነውር ነው ትላለች። ጳጉሜ ከገባች ያኮረፈችው ጎረቤት ካለች ቡና ትጠራታለች፤ የተበደረችው ወንፊት ካለ ይመለሳል።

ጳጉሜን ራሷን እያት እስቲ። 5 ቀን ናት፤ በ4 ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ 6 ትሆናለች። ደሞዝ የማይከፈልባት ወር ናት። ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል፣ ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ልጅ አዋቂው ወጥቶ ይመታዋል። አሮጌውን አጥቦ ወደ አዲሱ መግባት ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ይዘን «እቅድ ከፈረንጅ ቀዳን» ማለት የራሳችንን ቤት አለማወቅ ነው።

«ከ100 ሰው 92ቱ ይወድቃል»

ይሄ 92 የሚባል ቁጥር ከገጽ ወደ ገጽ ሲዞር የኖረ ነው። ከየት እንደመጣ አንተም አልጻፍክም። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚጠራው የአሜሪካው የስክራንተን ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ይሄን ጉዳይ ለዓመታት ያጠኑት ጆን ኖርክሮስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2002 (የጥናቶቹን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያሳተሙት ጥናት ካንተ ተቃራኒውን ይናገራል።

ሁለት ዓይነት ሰዎችን ተከታተሉ። 159ኙ ለአዲሱ ዓመት ቃል የገቡ ናቸው። 123ቱ ደግሞ ሊለውጡት የሚፈልጉት ነገር ያላቸው፣ ግን ቃል ያልገቡ ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ቃል ከገቡት 46 በመቶው እንደጸኑ ናቸው። ካልገቡት 4 በመቶው ብቻ። ልብ በል፣ ሁለተኞቹ ግድ የሌላቸው ሰዎች አይደሉም። እነሱም መለወጥ ይፈልጉ ነበር። «ሌላ ጊዜ» ያሉ ናቸው። እርግጥ ጥናቱ ሰዎቹ በስልክ ስለራሳቸው በተናገሩት ላይ የቆመ ነው፤ ሰው ራሱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያወራ ይችላል። ግን 46 እና 4ን የሚያክል ልዩነት በዚያ ብቻ አይሞላም።

የሚከብደውንም ቁጥር አልደብቅህም። እኚሁ ሰው ቀደም ብለው በ1989 ባሳተሙት ጥናት 200 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 77 በመቶው ጸንቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ 19 በመቶው። አየህ፣ ይወድቃል፤ አልካድኩም። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። ከተሳካላቸው ሰዎች መሃል ከግማሽ በላዩ፣ 53 በመቶው፣ በመንገድ ላይ ተሰናክሏል። በአማካይ 14 ጊዜ! አስራ አራት ጊዜ የወደቀ ሰው ተሳካለት ከተባሉት ጋር ተቆጥሯል። ባንተ ሚዛን ይሄ ሰው ገና በመጀመሪያው ውድቀቱ ሰነፍ ተብሎ ተሸኝቶ ነበር።

«21 ቀን ይበቃል»

21 ቀን የሚለው ወሬ የተነሳው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው፤ በ1960 ነው የጻፈው። ሰዎች አፍንጫቸው ወይም ፊታቸው ከተሠራ በኋላ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱት ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይወስድባቸዋል ነው ያለው። ቢያንስ! ያቺ ቃል በመንገድ ላይ ጠፋች። መስታወት ውስጥ የራስን ፊት መልመድና በየቀኑ ሥራ መሥራት ደግሞ አንድ አይደሉም።

ልማድን በትክክል የለካ ሰው ከፈለግክ፣ የለንደኗ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለዋል። አንዱ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ሌላው ከእራት በፊት መሮጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር መርጠው በየቀኑ ይሞክራሉ። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ። አንዳንዱ ደግሞ 254 ቀን ያስፈልገዋል ተብሎ ተሰላ። ከመስከረም 1 ብትቆጥር 66ኛው ቀን ኅዳር ላይ ነው የሚውለው። 254ኛው ግንቦት ላይ። አንድ ቀን መዝለሉም ነገሩን አላበላሸውም።

ያንተን ጽሑፍ አንብቦ መስከረም 21 ላይ ገና እየታገለ ያለ ሰው ምን ይላል? «እኔ አልረባም» ይላል። ገና ሲሶውን መንገድ እንኳን ሳይሄድ።

«ቆራጥነት የላቸውም»

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ፎገራ ነው። በ1971 በእኛ አቆጣጠር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ ነበረች፤ ፊደል መቁጠር ጀምራ ነበር። ከዚያ ከብት የሚጠብቅ ሰው ጠፋና ቀረች። ከዚያ ወዲህ በአሻራ ኖረች። የእድር ክፍያ፣ የቀበሌ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ ሁሉም ላይ ያለው አውራ ጣቷ ነው። አብሬያት እድር ስሄድ የማየው ነገር ነበር። ጸሐፊው የቀለሙን ሳጥን ይገፋላታል፤ ጣቷን ትነክራለች፣ መዝገቡ ላይ ትጫናለች፣ ከዚያ ዞር ብላ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች። ሐምራዊው ቀለም ጥፍሯ ሥር እስከ ማግስቱ ይቆያል። ዕቃ አጥባም አይለቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጳጉሜ ላይ ቡና እየቆላች «በሚመጣው ዓመት ስሜን እጽፋለሁ» አለችኝ። ከሱቅ ደብተርና እርሳስ አመጣሁላት። መስከረም 2 ጀመረች፤ በዓሉ ዕለትማ ማን ፋታ አለው።

መጀመሪያ «ማታ ማታ» ነበር ያልነው። ማታ ግን እራት አለ። እንግዳ አለ። መብራት ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ደብተሩን የከፈተችው ሁለቴ ብቻ ነው። ሰነፍ ስለሆነች? እናቴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ቤተ ክርስቲያን ስማ የምትመለስ፣ አምስት ልጅ ያሳደገች፣ ጾም አንድ ቀን ያላፈረሰች ሴት ናት። ቆራጥነት ከጎደላት እኔ ቆራጥ ሰው አላውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር ቀየርን። ደብተሩን ከቁምሳጥን አውጥተን ረከቦቱ ሥር አስቀመጥነው። ውላችንም ተለወጠ፦ አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ አንድ መስመር። በቃ። ጀበናው ድጋሚ ከሰሉ ላይ ሲወጣ ደብተሩም ይወጣል። ቶናው ሲቀዳ ደብተሩ ይታጠፋል። ሌላም ነገር አደረግን፤ ከሀ ሁ አልጀመርንም። 33ቱ ፊደል በ7 ድምፅ ሲባዛ 231 ነው፤ ያንን አይታ ልቧ ደንግጦ ነበር። ስሟ አራት ፊደል ነው። በአራቱ ጀመርን።

በኋላ ሳነብ ነው ነገሩ ስም እንዳለውና እንደተጠና ያወቅኩት። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው ብዙ የሠራበት። «እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ሲሆን፣ እዚህ ቦታ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት ሌላ ነው። በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር ሆኖ 94 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ሁለተኛውን ዓይነት እቅድ ያወጡ ሰዎች በግልጽ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መቼ ልጀምር ብሎ መወሰን በየቀኑ የሚያደክም ሥራ ነው። ቶናው ከወሰነልህ ግን አንተ አትወስንም።

ኅዳር ላይ ወንድሟ ፎገራ አረፈ። ለቅሶ ሄደች፣ ሦስት ሳምንት ቆየች። ደብተሩ እንዳለ ረከቦቱ ሥር ተቀምጧል። እኔ በልቤ አበቃ ብያለሁ። ከመጣች በኋላ ጥቂት ቀን ቡናም አልተፈላም። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ቡና አፈላች፣ አቦሉን ቀዳች፣ ጀበናውን መለሰች፣ እጇን ረከቦቱ ሥር ሰደደች። አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ሚያዝያ ላይ እድር አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ የቀለሙን ሳጥን ገፋላት። «እስክሪብቶውን ስጠኝ» አለችው። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። አራቱን ፊደል ጽፋ እስክትጨርስ ማንም አልተነፈሰም። ሁለተኛው ፊደል ከመስመሩ ወርዶ ከታች ያለው ሰው ስም ጋር ደርሷል። ቤት ስንገባ አውራ ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ። ንጹሕ ነው።

መስከረም ላይ በ10 ቀን ሁለቴ የሠራችውም፣ ሚያዝያ ላይ የፈረመችውም ያችው እናቴ ናት። ቆራጥነቷ በመሃል አልጨመረም። የተለወጠው ደብተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ሌላም ሰው ልጨምርልህ። ሱቄ በር ላይ ባጃጅ የሚያቆም ልጅ አለ፤ እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው። ሁለት ዓመት ተከታታይ «ዘንድሮ ጫት አቆማለሁ» ብሎ ነበር። ሁለቱንም ዓመት ጥቅምት አልደረሰም። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ጓደኞቹ ይጠሩታል፤ «አልቅምም» ብሎ ባዶ ሰዓት ታቅፎ መቀመጥ ከባድ ነው። በሦስተኛው ዓመት እቅዱን ቀየረው። «በ9 ሰዓት ተኩል ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፣ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ኮንትራት እሠራለሁ» አለ። ልጅቷ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ መቅረት አይቻልም። ሙሉ በሙሉ ተወ ብዬ አልዋሽህም። አልፎ አልፎ እሁድ እሁድ ይቅማል። በየቀኑ ግን ቀረ።

ስዊድን ውስጥ በ2020 የታተመ ጥናት ይሄንኑ ነው ያገኘው። 1,066 ሰዎች ተሳትፈዋል። «አንድ ነገር እተዋለሁ» ካሉት 47.1 በመቶው ተሳካልን ሲሉ፣ «አንድ ነገር አደርጋለሁ» ካሉት 58.9 በመቶው ተሳካልን ብለዋል። ለዚህ ልጅ ያስፈለገው ሰነፍ የሚለው ሰው አልነበረም። ለባዶው ሰዓት የሚሆን ሥራ ነው ያስፈለገው።

የሃርቫርዱ 3 በመቶ

ይሄን ቶሎ ልለፈው። ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶ ተማሪዎች ከ20 ዓመት በኋላ ከቀሩት 97 በመቶ ሁሉ የበለጠ ሀብት ነበራቸው የሚለው ታሪክ፣ አንዳንዱ ሃርቫርድ ይለዋል፣ አንዳንዱ የ1953 የዬል ተመራቂዎች። እንዲህ ያለ ጥናት አልተደረገም። በ1996 ፋስት ካምፓኒ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ምንጩን ተከታትሎ ምንም አላገኘም፤ ዬልም የለኝም ብሏል። ወንድሜ፣ ያልነበረ ተማሪ አምጥተህ ያለውን ሰው አትውቀስበት። መጻፍ ግን ጥሩ ነው፤ ደብተር ሻጭ ነኝና ይሄን ብል አይገርምህም፣ ግን የምለው ከእናቴ ደብተር ተነስቼ ነው።

«ለማንም አትናገር»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለህ፤ ግማሹን ልመርቅልህ። ጎልዊትዘር ራሱ በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ ጥሩ ሕግ ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ ያሉ ተማሪዎች ሐሳባቸውን ሌላ ሰው ሲያውቅላቸው ለሥራው የሰጡት ጊዜ ቀንሶ ተገኝቷል። ገና ሳይሠሩ የሆኑ ስለመሰላቸው ነው። ይሄን እኛም እናውቀዋለን። መስከረም 1 ላይ ፌስቡክ ላይ 12 እቅድ ዘርዝሮ 300 «በርታ» የተቀበለ ሰው፣ ያ በርታ እንደ ደሞዝ ነው የሚሆንበት። የዝርዝሩ ነገር ላይም እስማማለሁ። 12 እቅድ ለአንድ ሰው ይበዛል።

ግን ለሕዝብ ማወጅ ሌላ ነው፤ ተጠያቂ መሆን ሌላ ነው። ከራሴ ልንገርህ። የዛሬ አራት ዓመት መስከረም 1 ላይ በየወሩ 2,000 ብር ለማስቀመጥ ወሰንኩ። እንዳንተ ምክር ለማንም አልተናገርኩም። መስቀል ሳይደርስ አወጣሁት። ማንም ስላላወቀ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ጥቅምት ላይ የሱቅ ጎረቤቶቼ እቁብ ገባሁ። 20 ሰው ነን፣ በሳምንት 1,000 ብር። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ እጣ የሚወጣው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ዋሴ የሆነችው ፊት ለፊቴ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ባልጥል እሷ ናት የምትከፍለው። ገበያ በሞተበት ሳምንት፣ አንድ ደርዘን ደብተር እንኳን ባልሸጥኩበት ሳምንት፣ ያቺ 1,000 ብር ከየትም ተፈልጋ ትገኛለች። የልብስ ስፌት መኪናዋን ድምፅ እየሰማሁ እንዴት ልቅር? 20ውን ሳምንት አንድም ሳልዘልል ጨረስኩ። የደረሰኝን ብር ላገለገለ ፕሪንተር አዋልኩት፤ አሁንም እየሠራልኝ ነው።

አስበው፣ በወር 2,000 ያቃታት ሴት በወር 4,000 ጣለች። ሌላ ሴት ሆኜ አይደለም። ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። በ2016 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት 138 ሙከራዎችን፣ 20,000 የሚጠጋ ሰው ያለባቸውን፣ አሰባስቦ ነበር። እድገታቸውን የተከታተሉ ሰዎች ግባቸውን የመድረስ ዕድላቸው ጨምሯል፤ የደረሱበትን በጽሑፍ ሲይዙና ለሌላ ሰው ሲያሳውቁ ደግሞ ይበልጥ። የእቁብ ጸሐፊ ደብተር ማለት ይሄው ነው። አያቶቻችን ጥናት ሳይጠብቁ ሠርተውት ሄደዋል። ይሄ እያለን ሰውን «ለብቻህ ዝም ብለህ ታገል» ማለት በጣም ያሳዝነኛል።

«የምር የፈለገ መስከረምን አይጠብቅም»

ቀኑ ለውጥ የለውም ነው የምትለው፤ ጳጉሜ 5 ያው፣ መስከረም 1 ያው። ለሰው ልብ ግን ያው አይደለም። ሄንግቸን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች ወደ ጂም የሚሄዱበትን ቀን ቆጠሩ። በሳምንት መጀመሪያ ይጨምራል፣ በወር መጀመሪያ ይጨምራል፣ በዓመት መጀመሪያ፣ በሴሚስተር መጀመሪያ፣ ከልደት ቀን በኋላም ይጨምራል። ሰው አዲስ ገጽ የተገለጠ ሲመስለው ያለፈውን ጥፋቱን ከኋላው ያስቀምጣል። ይሄንን እኔ በየዓመቱ ሱቄ ውስጥ አያለሁ። አምና ግማሹ ባዶ የቀረ ደብተር ያለው ልጅ እንኳን ዘንድሮ አዲስ ነው የሚፈልገው። እናቱ «ያንን ጨርስ» ስትለው አልቅሶ ያስገዛል። ልጁ አባካኝ ስለሆነ አይመስለኝም። የአምናው ደብተር ውስጥ የአምናው ኤክስ አለ።

ስለዚህ መስከረም 1 የሚሰጠን ጉልበት እውነተኛ ነው። የምስማማበት አንድ ነገር ግን አለ፣ አንተ በሌላ መንገድ ነው የተናገርከው እንጂ። መስከረም 1 ለሁሉም ዓይነት እቅድ አይመችም። ገንዘብ ላስቀምጥ ለሚል ሰው ከዚህ የከፋ ወር የለም። የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ደብተር አለ፣ የበዓል ዶሮና በግ አለ፣ ወዲያው መስቀል አለ። ፎገራ ያለው ሌላው አጎቴ ሩዙን የዘራው ሰኔ ላይ ነው፤ መስከረም ላይ ገና ማሳ ላይ ነው፣ እህል የሚያስገባው ኅዳር አካባቢ ነው። እሱ ስለ ብር እቅድ የሚያወራው ያኔ ነው። ሐይቅ ዳር ልሩጥ ለሚል ሰውም እንዲሁ። መስከረም 1 ላይ ባህር ዳር ዝናቡ አልወጣም። ጣና የሚሞላውም በዚሁ ወቅት ነው፤ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ውሃው ወደ ዳሩ ቀርቦ፣ መሬቱ ጨቅይቶ ነው የሚቆየው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫማው ጭቃ የበላው ሰው «አልቻልኩም» ብሎ ይተዋል። አልቻለም እንዴ? ጥቅምት ላይ ቢጀምር ይችል ነበር። ቃሉን መስከረም ላይ ግባ፤ መነሻ ቀኑን ግን ለሥራው በሚስማማው ቀን ቁረጥ። ቁረጥ ነው ያልኩት፤ «ሲመቸኝ» አላልኩም።

ይሄን የምጽፈው ጳጉሜ 3 ከሰዓት ነው። ጠዋት ዘንቦ ነበር፣ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ውጭ ነበሩ፤ እናቴም እጇን ዘርግታ በር ላይ ቆማለች። ዘንድሮ የምትፈልገው ስልኳ ሲጠራ የደወለውን ሰው ስም ማንበብ ነው። አምስት ልጅ፣ አምስት ስም። በታናሻችን እንጀምራለን፤ የእሱ ስም አጭር ነው።

አጀንዳ የሚገዙትን ደግሞ ዘንድሮ አንድ ነገር መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ትናንት አንዲት መምህርት መጣች። ሰማያዊውን መረጠች፣ ከፈለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ስትል «የት ልታስቀምጪው ነው?» አልኳት። «ቁምሳጥን ውስጥ» አለች። «ማታ ሻይሽን የምትጠጪው የት ነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ኩሽና፣ በርጩማው ላይ።»

«እንግዲያው እዚያ» አልኳት።